ዓይንና ማሰሪያ አንቀጽ፦ የአካል እንቅስቃሴ በጥናት ገለጻ

ጥናቱን በሚገባ የጻፈ ሁሉ በሚገባ ያቀርበዋል ማለት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የጥናት ገለጻ ላይ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ነበርሁ። አቅራቢዋ የሰበሰበቻቸው የለቅሶ ግጥሞች ሟችን ብቻ የሚያወድሱ እንዳልሆኑ፣ ቋሚንም እንደሚወቅሱ በጽሑፏ አሳይታለች። በገለጻው ጊዜ ግን ዓይኗን ከወረቀቱ አልነቀለችም። ዓረፍተ ነገሩ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ አንገቷ ይደፋል፤ ድምጿም አብሮ ይወርዳል። «ሟችን ብቻ የሚያወድሱ አይደሉም» ስትል «አይደሉም» የሚለው ቃል ከወረቀቱ አልፎ አልተሰማም። አንደኛው ገምጋሚ፣ «ሟችን ብቻ ያወድሳሉ ያልሽው በምን ማስረጃ ነው?» ሲል ጠየቃት። ያላለችውን ለመከላከል ስትቸገር አይቼ ዓረፍተ ነገሩን ከጽሑፏ አውጥቼ አነበብሁላቸው። ይህ መጣጥፍ ከዚያ ገጠመኝ በመነሣት የአካል እንቅስቃሴ በአማርኛ ገለጻ ውስጥ ያለውን ድርሻ ለማመልከት ይሞክራል።

በቅድሚያ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ ማረም ያስፈልጋል። ስለ አካል ቋንቋ ሲነገር ከመልእክት 7 በመቶው ብቻ በቃላት፣ 38 በመቶው በድምፅ ቃና፣ 55 በመቶው በገጽታ ይተላለፋል የሚል ስሌት ይጠቀሳል። የስሌቱ ምንጭ አልበርት መህራቢያን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተማቸው ሁለት ጥናቶች ናቸው። ጥናቶቹ የመረመሩት ግን በነጠላ ቃላት አማካይነት የሚገለጽ የመውደድና የመጥላት ስሜትን እንጂ የጥናት ገለጻን አይደለም። ስለዚህ ቃሉ ባዶ ከሆነ እጅ አይሞላውም። የአካል ተግባር የተዘጋጀውን ቃል ሳይባክን ለአድማጭ ማድረስ ነው።

ለዚህ ዓይን ቀዳሚውን ቦታ ይይዛል። ይሁንና «አድማጭህን በቀጥታ ተመልከት» የሚለው የተለመደ ምክር ለብዙ ተማሪዎቻችን ቀላል አይደለም። በታላቅ ፊት ዓይንን ዝቅ ማድረግ ጨዋነት ነው ተብለን አድገናል። ቋንቋችንም ይህን ይመሰክራል፤ ደፋሩን «ዓይን አውጣ» እና «ዓይነ ደረቅ»፣ ትሑቱን «አንገት ደፊ» እንላለን። እንግዲህ አቅራቢው በሁለት ፍርድ መካከል ይቆማል፦ ካቀረቀረ ያልተዘጋጀ፣ ካፈጠጠ ያልታረመ ይመስላል።

መፍትሔው ግን ከባህላችን የራቀ አይደለም። በቀድሞው የሙግት ሥርዓት ተሟጋቹ ኩታውን አደግድጎ፣ እጅ ነሥቶ ለዳኛው አክብሮቱን ይገልጻል። ወደ ክርክሩ ሲገባ ግን በክንዱ፣ በእርምጃውና በድምፁ ነገሩን ያጠብቃል። አክብሮትና ጽናት በአንድ ሰውነት ላይ፣ እያንዳንዳቸው በየጊዜያቸው ይታያሉ። የዛሬው አቅራቢም ሲጀምር ጎንበስ ብሎ አክብሮቱን ከገለጸ በኋላ ቀና ብሎ ቢናገር ማንም ደፋር አይለውም። ዓይኑንም በአንድ ሰው ላይ ከመትከል ይልቅ አንድ ሐሳብ ለአንዱ ወገን፣ ቀጣዩን ለሌላው ወገን እያለ ሊያዳርሰው ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ ከአማርኛ አገባብ የሚመነጨው ጉዳይ ይመጣል። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ የሚገኘው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። ማረጋገጡም ሆነ ማፍረሱ፣ «ነው»ም ሆነ «አይደለም» አድማጩ ዘንድ የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። አቅራቢው ግን ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ለመፈለግ ወደ ወረቀቱ የሚያቀረቅረው በዚሁ ቦታ ነው። ስለሆነም ወረቀት ማየት ሲያስፈልግ በዓረፍተ ነገሩ መነሻ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ዝም ተብሎ ይታይ፤ ማሰሪያው ሲደርስ ግን ዓይንም ድምፅም ከአድማጩ ጋር ይሁኑ። ለልምምድ በጽሑፉ ላይ በማሰሪያ አንቀጾቹ ሥር በእርሳስ ማስመር ይረዳል።

እጅን በተመለከተ ዴቪድ ማክኒል እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ሥራው የእጅ ምልክት ዋና ምት ተዛማጅ ከሆነው ቃል ጋር አብሮ ወይም ጥቂት ቀድሞ እንደሚመጣ አሳይቷል። ከቃሉ በኋላ የሚመጣ እጅ የተጠና ይመስላል። ሁለት ነገሮችን የሚያነጻጽር አቅራቢ አንደኛውን በቀኝ፣ ሁለተኛውን በግራ እጁ ካመለከተ በኋላ በየጊዜው ወደዚያው ጎን ቢመለስ አድማጩ ንጽጽሩን ሳይደናገር ይከተላል። ጎኖቹን ካቀያየረ ግን ከነጭራሹ ባያመለክት ይሻል ነበር።

እጅ ማረፍ የሚገባው ጊዜም አለ። ሰምና ወርቅ ያለው ግጥም ሲነበብ ኅብረ ቃሉ ሁለት ፍቺ ይሸከማል። ለምሳሌ «ይብላኝ» የሚለው ቃል አንድም ከመብላት፣ አንድም ከማዘን ጋር ይፈታል። አንባቢው በዚህ ቃል ላይ እጁን ወደ አፉ ቢወስድ ሰሙን ብቻ ያሳያል፤ ከንፈሩን ቢመጥ ደግሞ ወርቁን አስቀድሞ ያወጣዋል። በሁለቱም መንገድ አድማጩ ራሱ ፈልጎ የማግኘት ዕድሉን ያጣል። ስለዚህ በኅብረ ቃሉ ላይ ሰውነትን አርግቶ ማንበብ፣ እጅን ለትንታኔው ማቆየት ይመረጣል።

ተማሪዎቻችን ለገለጻ ሲዘጋጁ ጽሑፋቸውን ደጋግመው ያርማሉ፤ ቆመው፣ ድምፃቸውን አሰምተው፣ ሌላ ሰው ፊት የሚለማመዱት ግን ጥቂቶች ናቸው። አንድ ጓደኛ ከክፍሉ የኋላ ወንበር ተቀምጦ የማይሰሙትን ማሰሪያ አንቀጾች ብቻ ቢመዘግብላቸው እርማታቸውን ከየት እንደሚጀምሩ ያውቃሉ። ያቺ ተማሪ እንዲህ ዓይነት ጓደኛ አግኝታ ቢሆን ኖሮ ስላላለችው ነገር ማስረጃ ባልተጠየቀች ነበር።