ከኦፕራሲዮኑ በፊትና በኋላ ያሉት ሳምንታት የማን ናቸው?

«ካንሰር ብረት ከነካው ይሰራጫል።» በሽታው በገባበት ቤት ይህን የሚል ዘመድ ወይም ጎረቤት አይጠፋም። ሐኪሞች ሲሰሙት ይናደዳሉ። እኔ ግን አባባሉ ከየት እንደመጣ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። ሰው የሚናገረው ያየውን ነው። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት «አያመኝም» ብላ ወራት ትቆያለች። ከዚያ ጠበል ትገባለች፣ የባህል መድኃኒት ትሞክራለች፣ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣ ሪፈር ይጻፍላታል፣ ተራ ትጠብቃለች። ኦፕራሲዮን የምትደረገው ብዙ ጊዜ እብጠቱ ቆዳ ሰንጥቆ ከወጣ፣ በሽታውም ወደ ብብቷ ከተሻገረ በኋላ ነው። በዓመቱ ስታርፍ ለቀስተኛው የሚያስታውሰው ቢላውን ነው፤ ከቢላው በፊት የባከነውን ጊዜ የሚያነሳ የለም።

ያ ጊዜ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ሰፊ ጥናት ቀዶ ሕክምናው በ4 ሳምንት በዘገየ ቁጥር የመሞት አደጋ ከ6 እስከ 8 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ላንሴት ኦንኮሎጂ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተመው የኮሚሽን ሪፖርት ደግሞ ከካንሰር ታማሚዎች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው፣ በዓለም ዙሪያ ግን በጊዜው፣ በሚችሉት ዋጋና ያለ ጉዳት የሚያገኙት ከአራቱ አንዱ እንኳ እንደማይሞሉ ገልጿል። እኛ ከየትኛው ወገን እንደሆንን መናገር አያሻም።

ስለ ቀዶ ሕክምና ሲወራ ግን ወሬው ሁሉ የሚያልቀው ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ነው። ሐኪሙ ጎበዝ ነው ወይ? መሣሪያው አለ ወይ? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ጡት ማውጣት ጥቂት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ታማሚዋ እንዴት ሆና እንደምትገባና ከወጣች በኋላ ምን እንደምትሆን የሚወስኑት ሳምንታት ግን በአመዛኙ ለአስታማሚ የተተዉ ናቸው። ለአስታማሚው ደግሞ ማንም ምንም አላስተማረውም።

መጀመሪያ ነገር፣ ታማሚዋ ራሷ ምን እንደያዛት ታውቃለች? በብዙ ቤት አታውቅም። ወንድም ወይም ባል ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ለብቻው ይዞ «እባክዎ እንዳትነግሯት፣ ትደነግጣለች» ይላል። ለእሷ «ትንሽ እጢ ናት» ይባላል። ፍቅር ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ትንሽ እጢ ያላት ሰው ለምን ሦስት ወር ኬሞ እንደምትወስድ፣ ለምን ጡቷ በሙሉ እንደሚወጣ፣ ለምን ከዳነች በኋላ ለዓመታት ቀጠሮ እንዳላት አይገባትም። ያልገባትን ነገር ታቋርጣለች። የስምምነት ቅጹ ላይ መፈረም ያለባት ራሷ ናት፤ ከመፈረሟ በፊትም ምን እንደሚቆረጥ፣ ምን እንደሚቀርና ሌላ አማራጭ መኖር አለመኖሩን የመጠየቅ መብት አላት።

አማራጩ ራሱ ረጅም ታሪክ አለው። በጣሊያን ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ፣ በአሜሪካ በርናርድ ፊሸር የመሯቸው ጥናቶች ዕጢው ትንሽ ሲሆን ዕጢውን ብቻ አውጥቶ በጨረር ማከም ሙሉ ጡት ከማውጣት ጋር እኩል ዕድሜ እንደሚሰጥ አረጋግጠዋል። የሁለቱም የ20 ዓመት ክትትል ውጤት እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። እኛ ዘንድ ግን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ሆኖ ኖሯል፤ ሕክምናው ወደ ክልል ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች መውጣት የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። ጨረሩ በጊዜው እንደሚደርስላት እርግጠኛ ያልሆነ ሐኪም ጡቱን ለመተው እጁ አይደፍርም። ስለዚህ ብዙ ሴቶች ጡታቸውን ያጡት በካንሰሩ ብቻ ሳይሆን በወረፋውም ጭምር ነው።

አሁን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ወደሚደረገው ዝግጅት እንሂድ። ቀጠሮ የተያዘለት ሰው ቤቱ ተቀምጦ ቀኑን ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ ብዙ ያልፈዋል። ሲጋራ የሚያጨስ ቢያንስ 4 ሳምንት አስቀድሞ ቢተው ሳንባውም ቁስሉም ያመሰግኑታል። ስኳር ያለበት ስኳሩን፣ ደም ያነሰው ደሙን ቀድሞ ማስተካከል አለበት። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ ገንዘብ አያስወጣም።

ምግቡ ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ። የተቆረጠ ሥጋ የሚጠገነው በፕሮቲን ነው፤ ኬሞ ወስዶ የከሳ ሰው ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ያስፈልገዋል። ቀጠሮው ዐቢይ ጾም ላይ ወይም ፍልሰታ ላይ ሲውል ብዙ እናቶች እንቁላልና ወተት አይነኩም። «ለጤናዬ ብዬ ጾሜን ልግደፍ?» ይላሉ። የንስሐ አባታቸውን ቢያማክሩ ታማሚ እንደሚፈቀድለት ይነግሯቸዋል፤ ችግሩ ሐኪሙም ዘመዱም አማክሩ አለማለታቸው ነው። አልበላም ያለችም ብትሆን ሽሮው ወፈር ብሎ፣ ምስሩና ባቄላው በርከት ብሎ፣ ለውዝ ተጨምሮበት መቅረብ ይችላል። ታማሚ ነው ተብሎ ጠዋት ማታ ቀጭን አጥሚት ብቻ ማጠጣት ግን ሆድ ይሞላል እንጂ ሰውነት አይገነባም።

የዋዜማው ጾም ሌላ ጉድ ነው። «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም እንዳትቀምሺ» ይባላል። ጠዋት ይገባሉ የተባሉት ከሰዓት ይሆናሉ፤ ድንገተኛ ታካሚ ይቀድማል፣ የጽኑ ሕሙማን አልጋ ይጠፋል፣ ደም አይገኝም፤ ከዚያ «ነገ» ይባላል። ሴትዮዋ ሙሉ ቀን ውሃ ሳትቀምስ ውላ በማግስቱ እንደገና ትጀምራለች። ዓለም አቀፉ የአንስቴዚያ መመሪያ ለአብዛኛው ታካሚ ከማደንዘዣ በፊት ቀላል ምግብ እስከ 6 ሰዓት፣ ንጹህ ውሃ ደግሞ እስከ 2 ሰዓት ሲቀረው ድረስ ይፈቅዳል። ማንም በራሱ ሥልጣን ይጠጣ እያልኩ አይደለም፤ አንስቴዚያ የሚሰጠውን ባለሙያ «ውሃ እስከ ስንት ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ ግን ነውር የለውም። ገላን ታጥቦ መግባትም ይጠቅማል። ቤት ውስጥ በምላጭ መላጨት ግን አይደገፍም፤ ምላጭ በዓይን የማይታይ ቁስል ይፈጥራል፣ ጀርሙም በዚያ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ በምላጭ መላጨት እንዲቀር አጥብቆ መክሯል።

ኦፕራሲዮኑ አለቀ እንበል። ሐኪሙ ብቅ ብሎ «በሰላም ወጥታለች» ሲል ቤተሰቡ እልል ይላል። በብዙ ቦታ አንድ ወጣት የቤተሰብ አባል በክዳን የተዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ የሚቀበለው ያኔ ነው፤ ውስጡ የወጣው ጡት አለ። በፌስታል ይዞት፣ ሽታው እንዳይታወቅበት እየተሳቀቀ፣ ታክሲ ተሳፍሮ ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ፍለጋ ይሄዳል። የያዘውን ነገር ዋጋ የነገረው የለም። ናሙናው በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ በቂ ፎርማሊን ውስጥ ካልገባ፣ ትልቅ ከሆነም ፈሳሹ ውስጡ እንዲደርስ ካልተሰነጠቀ፣ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራው ሊበላሽ ይችላል። ያ ምርመራ ነው ሴትዮዋ ታሞክሲፌን የሚባለውን ኪኒን ከ5 እስከ 10 ዓመት መውሰድ እንዳለባት የሚወስነው። የሕይወት ፍርድ በታክሲ ውስጥ በፌስታል ሲጓዝ ማየት ለእኔ የሥርዓቱ ትልቁ እፍረት ነው።

ዋርድ ውስጥ ነርሷ ለብዙ አልጋ አንድ ናት። ስለዚህ ከብብት ሥር በቀጭን ቱቦ የሚወጣውን ፈሳሽ የምትለካው፣ በቱቦው ጫፍ ያለችውን የጎማ ኳስ ባዶ አድርጋ ጨምቃ መልሳ የምትከድነው፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንደወጣ ደብተር ላይ የምትጽፈው እህት ወይም ልጅ ናት። ልኬቱ ጨዋታ አይደለም፤ ቱቦው ብዙውን ጊዜ የሚነቀለው ፈሳሹ በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲያንስ ነው። እጅ በሳሙና ሳይታጠቡ መንካት አይገባም። ጠያቂ ደግሞ ይጎርፋል። «እንኳን እግዜር ማረሽ» ማለት ወጋችን ነው፣ አይቅር፤ ሃያ ሰው አልጋ ላይ ተቀምጦ ቁስሉን ገልጦ ማየት ግን ይቅር። ሽታ እንዳይመታት ብለው አፍንጫዋ ላይ ጤና አዳም ቢያደርጉላት ጉዳት የለውም፤ ቁስሉ ላይ ቅጠል ወይም ቅቤ ማድረግ ግን አደገኛ ነው።

«ተኝተሽ እረፊ» የሚለው ምክርም መልካም ቢመስልም ይጎዳል። ከአልጋ ሳትነሳ የሰነበተች የካንሰር ታካሚ እግሯ ውስጥ ደም ሊረጋ፣ የረጋውም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። በማግስቱ ተደግፋ መቆም፣ ኮሪደር ላይ መራመድ አለባት። ክንዷም እንደዚያው ነው፤ ፈርታ ደረቷ ላይ ለጥፋ የምትይዘው ክንድ ትከሻው ይደርቃል። ሐኪሙ ከፈቀደበት ቀን ጀምሮ ጸጉርን በራስ ማበጠር፣ በጣት ግድግዳ ላይ ቀስ እያሉ መውጣት ይበቃል። በጀሪካን ውሃ መሸከም፣ ሊጥ ማቡካትና ምጣድ ላይ መቆም ግን ለሳምንታት ይቅር። የብብት ንፍፊቶች ከወጡ ክንዱ ከዓመታት በኋላም ሊያብጥ ስለሚችል ከቃጠሎና ከቁስል መጠበቅ አለበት። ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም መግል ካወጣ፣ አንድ ባት ብቻ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ቀጠሮ መጠበቅ የለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

ከክልል የመጡት ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ዘመድ ቤት ተጠግተው ወይም አልጋ ተከራይተው ነው። ልጃቸውን በካንሰር ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ማረፊያ ያዘጋጀው ይህን አይቶ ነው፤ ፍላጎቱ ግን ከአንድ ማኅበር አቅም በላይ ነው። ብዙዎቹ ቁስሉ ሲሽር «ወጣልኝ፣ ተመስገን» ብለው አገራቸው ይገባሉ፤ ኬሞው፣ ጨረሩና ኪኒኑ መንገድ ላይ ይቀራል። በሽታው ሲመለስ ደግሞ ተወቃሹ ያው ብረቱ ነው።

ለጤና ሚኒስቴርና ለሆስፒታሎች የምለው አጭር ነው። አዲስ ሕንፃ እስኪሠራ ሳይጠበቅ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ፤ ናሙናን ወደ ላብራቶሪ የማድረስ ሥራ የሆስፒታሉ ይሁን እንጂ የቤተሰቡ አይሁን፤ ቀጠሮ የተያዘላት ሁሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በምትናገረው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ወረቀት ይዛ ትውጣ፤ አስታማሚዋም ከመውጣቷ በፊት ግማሽ ሰዓት ትማር። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም ነገ አስታማሚ ሊሆኑ ይችላሉ። ያኔ ከሆስፒታሉ ከመውጣትዎ በፊት የፓቶሎጂ ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ፣ ቀጣዩ ሕክምና ምን እንደሆነና ሌሊት ችግር ቢፈጠር በየትኛው ስልክ እንደሚደውሉ ጠይቀው፣ መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።