ከመቶ አንድ እጅ

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማንኩሳን አልፎ፣ መንገድ የሚያቋርጠውን ከብት እያሳለፈ፣ በቆሎ የጫነ አይሱዙ እየቀደመ የሚሄድ ሞተረኛ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበት ደህና ነድቷል። ደቡብ አፍሪካዊው የሞተር ተወዳዳሪ ብራድ ባይንደር በ2023 ጣልያን ውስጥ ሙጀሎ መወዳደሪያ ላይ በሰዓት 366.1 ኪሎ ሜትር ሲከንፍ ተለክቷል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ፍጥነት ሳያቋርጡ መንዳት ቢቻል ኖሮ ከፍኖተ ሰላም የተነሳ ሰው በ4 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ቡሬ ይገባ ነበር።

ቁጥሩ ያስደነግጣል። የአንድን ቡድን ብቃት ለመመዘን ግን ብዙም አይረዳም። በሞቶ ጂፒ፣ ማለትም በዓለም ትልቁ የሞተር ሳይክል ውድድር፣ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ የማይከንፍ የለም። አሸናፊውና ተሸናፊው የሚለዩት ዓይን በማያየው ትንሽ ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር ከሱዙኪ ታሪክ በላይ አጉልቶ የሚያሳይ አላውቅም።

ሱዙኪ በ2011 መጨረሻ ከሞቶ ጂፒ ወጣ። ሦስት የውድድር ዓመታት ካለፉት በኋላ በ2015 አዲስ ሞተር ይዞ ተመለሰ። ነጂዎቹ ሁለት ስፔናውያን ነበሩ፤ አሌሽ ኤስፓርጋሮና ማቬሪክ ቪኛሌስ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፦ ከሆንዳና ከያማሃ ጋር መፎካከር ይችላሉ ወይስ ለማሟያ ነው የመጡት?

ሰኔ ላይ ባርሴሎና አጠገብ በሚገኘው የካታሎኒያ መወዳደሪያ መልሱ የተገኘ መሰለ። ቅዳሜ በተደረገው ማጣሪያ ኤስፓርጋሮ አንደኛ፣ ቪኛሌስ ሁለተኛ ሆኑ። ከተመለሰ ገና ወራት የተቆጠሩለት ቡድን በመነሻው መስመር ላይ የያማሃ ነጂዎቹን የሎሬንዞንና የሮሲንን፣ የሆንዳ ነጂውን የማርኬዝን ሞተሮች ከኋላው አሰለፈ። በማግስቱ ውድድሩ ሲካሄድ ኤስፓርጋሮ ወድቆ ወጣ፤ ቪኛሌስ ስድስተኛ ሆነ፤ ያሸነፈው ሎሬንዞ ነው።

በአንድ ሌሊት ምን ተለወጠ? መልሱ ያለው ሒሳቡ ውስጥ ነው። የመወዳደሪያው አንድ ዙር 4,727 ሜትር ነበር፤ ፈጣኖቹ በ100 ሰከንድ ተኩል ገደማ ይጨርሱታል። ይህ ማለት በአማካይ በአንድ ሰከንድ 47 ሜትር ይሄዳሉ። የሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ የዘገየ ሰው 4 ሜትር ከ70 ወደ ኋላ ይቀራል፤ በሁለት ሞተሮች ርዝመት ያህል ማለት ነው። ውድድሩ 25 ዙር ነውና በየዙሩ ያቺው አንድ አሥረኛ ብትደጋገም መጨረሻው ላይ 117 ሜትር ትሆናለች። ግማሽ ሰከንድ ከሆነች ደግሞ ወደ 590 ሜትር ትደርሳለች። ግማሽ ሰከንድ ከዙሩ ጊዜ ከመቶ ግማሽ እጅ ናት። ወደ ቡሬው መንገድ ብንመልሳት በግማሽ ሰዓት ጉዞ ላይ 9 ሰከንድ ብቻ ትሆናለች። ቡሬ መናኸሪያ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ሁለቱን ሞተረኞች አብረው መጡ ይላቸዋል። በሞቶ ጂፒ ግን የ9 ሰከንዱ ሰው አሸናፊውን ከሩቅ የሚያይ ነው።

በጊዜው በነበረው ሕግ ለመወዳደር የሚፈቀደው ከፈጣኑ ሰው ጊዜ 107 በመቶ ውስጥ ለገባ ነበር። ሰባቱ በመቶ ለቡሬው መንገደኛ 2 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ መዘግየት ነው፤ ማንም አይቆጥርበትም። ካታሎኒያ ላይ ግን በየዙሩ 7 ሰከንድ የሚዘገይ ሰው በ15ኛው ዙር መሪው ደርሶበት ዙር ይደርበታል። ከዓለም ሻምፒዮን እስከዚያ ሰው ድረስ ያለው ስፋት ይኸው ነው።

ታዲያ ሱዙኪ በማጣሪያው ለምን ፈጠነ? ያለፉትን ዓመታት ድል ላላገኙ ፋብሪካዎች ሕጉ አንዳንድ ነገር ያቀልላቸው ነበር። ሆንዳና ያማሃ በውድድሩ ከ20 ሊትር በላይ ቤንዚን መያዝ ሲከለከሉ ለሱዙኪ 24 ሊትር ተፈቀደለት። ከዚያም በላይ ለስላሳ የኋላ ጎማ መጠቀም ይችል ነበር። ለስላሳ ጎማ መንገዱን አጥብቆ ይይዛል፤ ቶሎም ያልቃል። ለአንድ ዙር ድንቅ ነው፤ ለ25 ዙር አይሆንም።

ሌላም ጉድለት ነበረ፤ እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ እሱ ነው። ሆንዳና ያማሃ ማርሽ ሲቀየር ጉልበቱ ለአፍታ እንኳ የማይቋረጥ ካምቢዮ ነበራቸው። ሱዙኪ ያን ዓመት ሲጀምር አልነበረውም። በእያንዳንዱ ቅያሪ ጉልበቱ ቅጽበት ያህል ይቋረጣል፤ ነጂው እንኳ በውል አይለየውም። አንድ ሰው በየዙሩ 20 ጊዜ ማርሽ ቢጨምርና በእያንዳንዱ የሰከንድ መቶኛ ሁለት እጅ ቢያጣ፣ በዙር 0.4 ሰከንድ፣ በ25 ዙር 10 ሰከንድ ይሆናል። 470 ሜትር። ሙሉ ውድድር የሚሸነፍበት ርቀት ከዓይን ጥቅሻ ካነሰ ነገር ተጠራቅሞ ይወጣል።

ፍጥነት በቦታው አየርም ይወሰናል። ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 80 በመቶ የማይሞላ ነው፤ ሞተር ደግሞ የሚነደው በሚስበው አየር ልክ ነው። ከ200 የፈረስ ጉልበት በላይ የሚያወጣው የሱዙኪ ሞተር ቡሬ ላይ ቢነሳ አንድ አምስተኛው ይቀርበታል፤ ከ40 በላይ የፈረስ ጉልበት። የወረዳ የግብርና ባለሙያ ገበሬ ቤት ለመድረስ የሚነዳት 100 ሲሲ ሞተር ያላት ጉልበት 8 ገደማ ነው። ደጋው አየር ከዚያ ማሽን ላይ ብቻ የአምስት የገጠር ሞተሮችን ጉልበት ይነጥቃል ማለት ነው።

ሱዙኪ መፎካከር ይችላል ወይ ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። በ2015 መጨረሻ ሎሬንዞ በ330 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ፤ ኤስፓርጋሮ 105፣ ቪኛሌስ 97 አገኙ። ውድድሩ 18 ነበር። የኤስፓርጋሮ አማካይ 5.8 ይሆናል፤ አሥረኛ የወጣ ሰው በውድድር 6 ነጥብ ያገኛል። ሱዙኪ በዓመቱ ውስጥ ማን እንደነበረ የሚነግረን ይህ እንጂ የካታሎኒያ ቅዳሜ አይደለም።

ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ሞቶ ጂፒ ይህን ፍርድ በሕግ ደንግጎታል። አንድ ፋብሪካ በየውድድሩ በምርጥ ሞተሩ ሊያገኝ ይችል ከነበረው ነጥብ ስንት በመቶ እንደሰበሰበ ይታያል። 85 በመቶና ከዚያ በላይ ያለው የመጀመሪያው ደረጃ፣ ከ60 እስከ 85 ሁለተኛው፣ ከ35 እስከ 60 ሦስተኛው፣ ከ35 በታች አራተኛው ነው። ዝቅ ያለው ብዙ ልምምድና ብዙ ነፃነት ያገኛል። በዚህ ሚዛን የ2015ቱን ሱዙኪ ብናስቀምጠው ከ450 ነጥብ 137 አለው፤ 30.4 በመቶ፣ አራተኛ ደረጃ። በ2016 ቪኛሌስ እንግሊዝ ሲልቨርስቶን ላይ አሸነፈ፤ ለሱዙኪ ከ2007 ወዲህ የመጀመሪያው ድል ነበር። ፋብሪካው ዓመቱን በ208 ነጥብ፣ በ46.2 በመቶ ጨረሰ። ጥሩ እድገት ነው።

ከዚያ ግን ወደቀ። ስላሸነፈ፣ ቀድሞ የተደረገለት ማቅለያ ተነሣ፤ የ2017 ሞተሩ ገና ከመጀመሪያው ውድድር ታሽጎ እንዳይነካ ሆነ። የመረጡት ሞተር ልክ እንዳልሆነ ሲታወቅ ዓመቱን ሙሉ ተሸክመውት ዞሩ። ቪኛሌስም ወደ ያማሃ ሄዷል። ከ450 ነጥብ 100 ብቻ፤ 22.2 በመቶ። ከተመለሰበት ዓመት እንኳ ያነሰ! ይህን ቁጥር ያየ ሰው ሱዙኪ አለቀለት ቢል አልፈርድበትም።

በ2020 ግን ጆአን ሚር በሱዙኪ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ለፋብሪካው ከኬኒ ሮበርትስ ጁኒየር የ2000 ሻምፒዮንነት በኋላ የመጀመሪያው። በወረርሽኙ ምክንያት የተካሄደው 14 ውድድር ብቻ ነበር። ሚር ያሸነፈው አንዱን ነው፤ ሰባት ጊዜ ግን ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ጨረሰ። ከ350 ነጥብ 171፤ 48.9 በመቶ። አንድ ዓመት ቀድሞ ማርክ ማርኬዝ ሻምፒዮን ሲሆን ከ475 ነጥብ 420 ሰብስቦ ነበር፤ 88.4 በመቶ። ማርኬዝ በ2020 የመጀመሪያው ውድድር ላይ ክንዱን ተሰብሮ ከዚያ በኋላ በዓመቱ ውስጥ አንድም ውድድር አልተወዳደረም። ሱዙኪ እንደ ፋብሪካ ያገኘው 202 ነጥብ፣ 57.7 በመቶ ነው። የዓለም ሻምፒዮን ያወጣው ፋብሪካ በዛሬው ሚዛን ሦስተኛ ደረጃ ላይ ይቀመጣል።

ሚዛኑ ራሱ አንድ ነገር ይዘነጋል እላለሁ። የሚቆጠረው በየውድድሩ የፋብሪካው ምርጥ ሞተር ውጤት ነው። የጣልያኑ ዱካቲ በ2020 ስድስት ሞተር አሰልፎ ነበር፤ አንዱ ቢወድቅ አምስት ይቀሩታል። ሱዙኪ የነበረው ሁለት ብቻ ነው። በሁለት ሞተር የተሰበሰበ 57.7 በመቶ በስድስት ከተሰበሰበው የዱካቲ 63 በመቶ አይተናነስም፤ እንዲያውም ይበልጣል ባይ ነኝ።

ግንቦት 2022 ላይ ሱዙኪ በዓመቱ መጨረሻ እንደሚወጣ ታወቀ። የሱዙኪው ነጂ አሌክስ ሪንስ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ውድድሮች ሁለቱን አሸነፈ፤ አውስትራሊያ ፊሊፕ ደሴት ላይና በስንብቱ ቫሌንሲያ ላይ። ቫሌንሲያ ላይ ከመጀመሪያው ኩርባ ጀምሮ እስከ ፍጻሜው መርቷል። የዓመቱ ድምር ግን ከ500 ነጥብ 199 ነው፤ 39.8 በመቶ። ሁለቱን ድሎች ብቻ ያየ ሰው ጠንካራ ቡድን ወጣ ይላል፤ ድምሩን ያየ ደግሞ መካከለኛ ቡድን ወጣ ይላል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ሱዙኪም ሆነ ከ2008 የውድድር ዓመት በኋላ የወጣው ካዋሳኪ አንድ ቀን ቢመለስ፣ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ የምፈልገው 30.4ን ማለፉን ነው።