ሁሉ እብጠት ጨብጥ አይደለም

በሰሜን ሸዋ፣ መንዝም ሆነ ግሼ ወይም መርሐቤቴ፣ ብልቱ ያበጠ ወንድ ሕመሙን ለሚስቱ እንኳ አይናገርም። ሰው ቢሰማ የሚጠረጥረው አንድ ነገር ነው፤ ጨብጥ። የጋለ ድንጋይ ላይ ወይም ጨረቃ ፊት ለፊት መሽናት ጨብጥ ያመጣል ሲባል መኖሩም ምናልባት ባለትዳሩን ከሐሜት ለመሸሸግ ይሆናል። ሐሜቱም መሸሸጊያውም ሰውየውን ከጤና ጣቢያ ያርቁታል፤ እስከዚያው ሕመሙ ሥር ይሰዳል።

ስለ ወንድ ብልት እብጠት የተጻፉ የውጭ መጻሕፍት ብዙ የሚያወሩት ስለ ሸለፈት ነው። ከሸለፈት ሥር እርጥበትና ቆሻሻ ሲጠራቀም ባክቴሪያና ፈንገስ ይራባሉ፤ ጫፉ ይቀላል፣ ያብጣል። በመንዝና በአካባቢው ደጋ ግን ወንድ ልጅ በተወለደ በ8ኛው ቀን ይገረዛል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም ከ10 ወንዶች 9ኙ ያህል የተገረዙ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ የመንዝን ሰው ሕመም ለማወቅ መነሻው ሌላ ነው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው “ሰሞኑን ምን ኪኒን ዋጥክ?” ብዬ ነው። ሆዱን የቆረጠው ሰው በተለምዶ ባክትሪም የሚባለውን ኮትሪሞክሳዞል ይወስዳል፤ የቆሰለው ደግሞ ቴትራሳይክሊን። አንዳንዱን ታዲያ በሰዓታት ውስጥ የብልቱ ጫፍ ላይ ሳንቲም የሚያህል ክብ ቦታ ያቃጥለዋል፣ ይቀላል፣ አንዳንዴም ውሃ ቋጥሮ ይላጣል። በሳምንት በሁለት ሳምንት ይሽርና ጠቆር ያለ ምልክት ጥሎ ይሄዳል። ሰውየው ከወራት በኋላ ያንኑ ኪኒን ሲደግም ሕመሙ እዚያችው ቦታ ላይ ይነሳል። ፈረንሳዊው የቆዳ ሐኪም ብሮክ ለዚህ ሕመም ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1894 ነበር። ምክንያቱም ዛሬ ታውቋል፤ መድኃኒቱን አንዴ ጠላት ብለው የመዘገቡ የመከላከያ ሕዋሳት ከዚያች የቆዳ ክፍል ሳይነቃነቁ እንደ ዘብ ይቆያሉ፤ መድኃኒቱ በደም በኩል ሲመለስ የገዛ ቆዳቸውን ያጠቃሉ።

የሚያሳዝነው ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነው። ሰውየው ቁስሉን አባላዘር ነው ብሎ ያስባል፤ ለአባላዘር ይሆናል ብሎም ያንኑ ቴትራሳይክሊን ይገዛል። የቁስሉን መነሻ ለቁስሉ መድኃኒት አድርጎ ይውጠዋል ማለት ነው። ባልና ሚስትም ማንም ባልበደለበት ነገር ሲወነጃጀሉ ይከርማሉ። ሕክምናው ግን ቀላል ነው፤ ኪኒኑን ማቆም፣ ባለሙያ ካዘዘ ለጥቂት ቀን ለስላሳ የሃይድሮኮርቲዞን ቅባት መቀባት፣ የመድኃኒቱንም ስም በሕክምና ካርድ ላይ በጉልህ ማስጻፍ። ኮትሪሞክሳዞልን በሐኪም ትዕዛዝ በቋሚነት የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ አያቋርጥም፤ ሄዶ ለሐኪሙ ይናገራል፤ በሌላ ይቀየርለታል።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ እከክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በጀመረው የኤልኒኖ ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመርምሮ 379,000 ያህሉ እከክ ተገኝቶበታል። ደጋው ለእከክ ይመቻል፤ ብርዱ ቤተሰብን በአንድ ባና ሥር ያስተኛል፣ ውሃም ከሩቅ ይቀዳል። ግማሽ ሚሊሜትር የማትሞላው ተባይ ቆዳ ሰርስራ እንቁላሏን ትጥላለች። የወንድ ብልትና ቆለጥ ላይ ሲደርስ ቀያይ ጠጣር ጉብታዎች ያወጣል፤ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል። በጣቶች መካከልም የሚያሳክክ ከሆነና ልጆቹም የሚያኩ ከሆነ ሌላ ምርመራ ብዙም አያሻም። ፐርሜትሪን ወይም የሰልፈር ቅባት ከአንገት በታች መላውን አካል ይቀባል፤ ባለሙያ ደግሞ አይቨርሜክቲን ኪኒን ሊያዝ ይችላል። ዋናው ነገር ግን ቤተሰቡ ሁሉ፣ የማያሳክከውም ጭምር፣ በአንድ ቀን መታከሙ ነው፤ ማሳከኩ የሚጀምረው ተባዩ ከገባ ከሳምንታት በኋላ ነውና። ባናና ጋቢ በፈላ ውሃ ካልታጠቡ በላስቲክ ከረጢት ታስረው ሳምንት ይቆዩ፤ ተባዩ በብርድ አገር ከሰው አካል ውጭ ረዘም ያለ ጊዜ ይኖራል። ከሕክምናው በኋላ እስከ አንድ ወር ድረስ ማሳከኩ አለመተዉ፣ ጉብታዎቹም ለወራት መቆየታቸው መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም።

የሚቀባውና የሚታጠቡበት ነገርም ያቆስላል። በረኪና፣ አልኮል፣ በደንብ ያልተለቀለቀ የዱቄት ሳሙና፣ ሁሉም ስስ ቆዳ ያቃጥላሉ። እንዶድም እንዲሁ ነው፤ አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን ስስ ቆዳን ያስቆጣል። ሳማ የነካ እጅ ደግሞ ለሰዓታት ያሳብጣል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ያስታግሰዋል። ቁስል ላይ ቅጠልና የኪኒን ዱቄት መነስነስ ግን ሐኪሙ ሊያየው የሚገባውን ምልክት ያጠፋል።

አባላዘር የለም እያልኩ አይደለም። መግል የሚፈስ ከሆነና ሽንት የሚያቃጥል ከሆነ ጨብጥ ሊሆን ይችላል፤ የማያም ቁስል ቂጥኝን፣ የሚያም ቁስል ከርክርን ያስጠረጥራል። የመጀመሪያ ደረጃ ቂጥኝ በአንድ ቀን በሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይድናል፤ ብቻ የትዳር ጓደኛም አብራ ትታከም፣ የኤችአይቪ ምርመራም ይደረግ። ተገርዞም ቢሆን ጫፉ እየቀላ፣ ነጭ ነገር እየያዘና እያሳከከ የሚመላለስበት ወንድ የደም ስኳሩን ይለካ፤ ፈንገስ ስኳር ይወዳል። ክሎትሪማዞል ቅባት ፈንገሱን ያጠፋዋል፤ ስኳሩ ካልታከመ ግን ተመልሶ ይመጣል።

ሳያምና ሳያሳክክ ብልትና ቆለጥ ሲያብጥ፣ ጠዋት ፊት ሲነፋ፣ ሽንት አረፋ ሲያበዛ ችግሩ ከኩላሊት ወይም ከልብ ሊሆን ይችላል። በተለይ በልጅ ላይ ሲታይ ቅባት ፍለጋ ጊዜ ማባከን አይገባም።

ሌሊትም ቢሆን የማያስተኙ ሁኔታዎች አሉ። ከ4 ሰዓት በላይ አልረግብ ያለ መቆም፣ በግንኙነት ጊዜ ድምፅ አሰምቶ ወዲያው ያበጠና የጠቆረ ብልት፣ ትኩሳት ያለው ቆዳውም እየጠቆረ የሚሄድ ከባድ ሕመም፤ እነዚህ የቀዶ ሕክምና ጉዳዮች ናቸው።

ከእነዚህ ጋር የምቆጥረው የጨቅላዎች አደጋ አለ። የእናት ፀጉር ወይም የተፈተለ የበግ ጠጉር ክር የተገረዘ ሕፃን ብልት አንገት ላይ ይጠመጠምና እየጠበቀ የደም ዝውውር ያግዳል። ሕፃኑ ጠብቶም አልተኛ ብሎ ካለቀሰ ጨርቁን ፈትቶ በብርሃን ማየት ነው። ክሩ ባበጠው ቆዳ ውስጥ ስለሚሰምጥ ላይታይ ይችላል፤ ከጫፉ በታች እንደ ቀለበት የገባ መስመር ካለና ጫፉ ካበጠ ያ በቂ ምልክት ነው። ቤት ውስጥ በምላጭ መሞከር ብልቱን ራሱን ይቆርጣል። መሐል ሜዳ ላለ ሰው የመሐል ሜዳ ሆስፒታል፣ ለመርሐቤቴ ሰው ዓለም ከተማ ያለው እናት ሆስፒታል፣ ለሌላው ደብረ ብርሃን አለ፤ ሳይነጋ መነሳት ያስፈልጋል።