ባለ 500 ፈረስ ጉልበት መርሰዲስ ቃሊቲ ላይ ምን ያስወጣል?

ያገለገለ የቅንጦት መኪና የሚገዛ ሰው ከደላላው ጋር ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚከራከረው በመሸጫው ዋጋ ነው። ኪሱን የሚያራቁተው ግን ስም ከዞረ በኋላ የሚመጣው ወጪ ነው። በአቃቂ ቃሊቲ በመጋዘንና በጭነት ሥራ ጥሪት ለያዘ ነጋዴ ጉዳዩ የመኪና ብቻ አይደለም፤ ለሥራው ማንቀሳቀሻ የያዘው ገንዘብ ነው።

በ1995 ዓ.ም. አካባቢ ገበያ ላይ የዋለውን መርሰዲስ ኤስ 55 ኤኤምጂ ኮምፕሬሶር ለምሳሌ እንውሰድ። ባለ 8 ሲሊንደር፣ 5.4 ሊትር ሞተሩ 500 የፈረስ ጉልበት ያመነጫል። ይህ ግን በባሕር ጠረፍ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቃሊቲ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ቢያጣ አያስደንቅም። የከባድ መኪናው ወረፋ ሲጨመርበት፣ ገዢው የከፈለበትን ፍጥነት እምብዛም አያየውም።

አውሮፓ ውስጥ የመኪናውን ዋጋ ዕድሜ ክፉኛ ቆርጦታል። የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮት አላረጀም። እያንዳንዱ ሲሊንደር 2 ካንዴላ ስላለው በአንድ ቅያሪ 16 ያስፈልጋል፤ ባለ ኮሮላው በ4 ይገላገላል። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ መኪናውን የሚሸከመው የሃይድሮሊክ ሥርዓት ሲሆን፣ በከፍተኛ ግፊት በሚሠራ ዘይት፣ በፓምፕና በቫልቭ የሚንቀሳቀስ ነው። መኪናው ከአስፋልት ወደ ሰፈሩ ኮብልስቶን በታጠፈ ቁጥር የሚመታው ይኸው ነው። ሲበላሽም ተራ አሞርዛተር አይተካውም፤ ዕቃው ከውጭ ይታዘዛል። 1,000 ዶላር ያወጣል ብንል፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት በባንክ ተመን 57 ሺህ ብር ገደማ የነበረው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ሺህ ብር በላይ ሆኗል። ቀረጡና የሜካኒኩ እጅ ሳይጨመር ማለት ነው።

ነዳጁንም እናስላ። በከተማ መጨናነቅ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ቢፈጅና በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ 200 ሊትር ቤንዚን ይጠጣል። ሊትሩ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ 100 ብር አልፏል፤ በዚያ ሒሳብ እንኳ በወር ከ20 ሺህ ብር ያላነሰ ነው።

ብዙዎች የሚዘሉት ደግሞ የታሰረውን ገንዘብ ነው። 3 ሚሊዮን ብር በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ቢቀመጥ ከታክስ በፊት በዓመት 210 ሺህ ብር ያስገኛል። ደላሎች «የነዳጅ መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም» ይላሉ። ለኮሮላ አባባሉ ያስኬዳል። ለዚህ መኪና ግን ገዢው ጥቂት ነው፤ ባለቤቱ ገንዘብ በቸገረው ዕለት የተጠራው ዋጋ ላይገኝ ይችላል።

ኢንሹራንስም የራሱ ጣጣ አለው። አረቦን ለመቀነስ ሲባል መኪናው ከገበያ ዋጋው በግማሽ ከተመዘገበ፣ ኩባንያው ለጉዳቱ የሚከፍለው በዚያው ልክ ተቀንሶ ሊሆን ይችላል።

ለመግዛት የቆረጠ ሰው መኪናውን ማታ ደልዳላ ቦታ አስቁሞ ጠዋት ተመልሶ ይየው። በአንድ በኩል ዝቅ ብሎ ካደረ የሃይድሮሊኩ ግፊት እያመለጠ ነው፤ የጥገናውን ዋጋ ጋራዥ አስገምቶ፣ ውልና ማስረጃ ከመሄዱ በፊት ከመሸጫው ላይ ያስቀንስ።