በአገው ደጋ የመሸበት እንግዳና የከሰል እሳት

የመሸበትን መንገደኛ ተቀብሎ ማሳደር በኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ የቈየ ልማድ ነው። በአዊ ምድርም፥ በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ባለው አገር፥ ከደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» የሚለውን ሰው መመለስ ነውር ነው። እንግዳው ሲገባ እግሩን ይታጠባል፤ ያለው ይቀርብለታል፤ ከእሳቱ አጠገብ ያለው መደብም ይለቀቅለታል። የእሳቱ ዳር የክብር ስፍራ የሆነበት ምክንያት የአገሩን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው።

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፥ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በክረምት ዝናቡና ጉሙ የራሰውን ልብስ አያደርቀውም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ደግሞ ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ሌሊት ሰማዩ ስለሚጠራ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ በዓሉን የሚያከብረው በዚሁ በብርዱ ወራት፥ ጥር 23 ቀን ነው። ማኅበሩ በአድዋ ዘመቻ የዋሉትን ፈረሰኞች ለማስታወስ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። በዓሉን ለማየት ከሩቅ የሚመጣው ሰው ማደሪያ ይፈልጋል፤ ባለቤቱም እንግዳውን ከብርድ ለማዳን ይደክማል።

የቀድሞው የደጋ ቤት ግድግዳው ቀርከሃ ወይም እንጨት፥ ክዳኑ ሣር ነበር። በመካከሉ ፍልጥ ይማገዳል፤ ጢሱም በሣሩ መካከል ቀስ እያለ ይወጣል፤ ነፋስም በግድግዳው ሽንቁር ይገባል። ይህ ጢስ ዓይን ያስለቅሳል፤ እሳቱን የምታነደውንም ሴት ሳንባ ይጐዳልና ሊመሰገን አይገባውም። ነገር ግን አንድ ጥቅም ነበረው፤ ይኸውም በበዛ ጊዜ እያሳለ የተኛውን ሰው ቀስቅሶ ወደ ውጭ ማስወጣቱ ነው።

ዛሬ በብዙ ስፍራ ክዳኑ ቆርቆሮ፥ ግድግዳው በደንብ የተለሰነ፥ መስኮቱም በመስታወት የተዘጋ ሆኖአል። የፍልጡንም ቦታ ከሰል እየወሰደው ነው። በአዊ ከሰል ብዙ ነው፤ በፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን፥ ዘሩ ከአውስትራልያ የመጣውን የግራር ወገን በማሳቸው ይተክላሉ፤ አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሆነው ቈርጠው ያከስሉታል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል። ተክሉ የተራቈተውን መሬት አልብሶአል፤ ለገበሬውም ገንዘብ አስገኝቶለታልና ሥራው የሚነቀፍ አይደለም። አደጋው የሚመጣው በማንደጃ የተቀጣጠለ ከሰል በሩና መስኮቱ በተዘጋ ቤት ሲያድር ነው።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ይወጣዋል። ይህ አየር መልክ የለውም፤ ሽታም የለውም፤ ዓይንን አያስለቅስም፤ ጉሮሮንም አይከረክርም። ሰው በተነፈሰው ጊዜ ከደሙ ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ሕይወትን ከሚጠብቀው ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሆነ፥ ደሙ ኦክሲጅኑን ወደ አንጐልና ወደ ልብ ማድረስ ይሳነዋል። የነቃ ሰው ራሱን ያመዋል፤ ያዞረዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ጕልበቱም ይከዳዋል። የተኛው ግን ይህን ምልክት ሳይሰማ እንቅልፉ ወደ ሞት ይለወጥበታል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከሐዲው ዮልያኖስ ከሞተ በኋላ የነገሠው የሮም ንጉሥ ዮብያኖስ ቅዱስ አትናቴዎስን ወደ መንበሩ እንደ መለሰ የታወቀ ነው። ይህ ንጉሥ በ364 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቈጣጠር፥ በየካቲት ብርድ፥ ከአንጾኪያ ወደ ቍስጥንጥንያ ሲጓዝ ዳዳስታና በምትባል ስፍራ አደረ፤ በማግሥቱም በመኝታው ሞቶ ተገኘ። ስለ አሟሟቱ የተነገረው ልዩ ልዩ ነው፤ ከተነገሩትም ምክንያቶች አንዱ በአዲስ በተለሰነው ክፍል ውስጥ የነደደው የከሰል እሳት ነው። ምክንያቱ ይህ ከሆነ፥ በጦር ሜዳ ያልሞተውን ንጉሥ የገደለው ለምቾቱ የቀረበለት እሳት ነው ማለት ነው።

ብዙ ሰዎች ከሰሉን ከደጅ አቀጣጥለው፥ ጢሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ በኋላ ቢያስገቡት የማይጐዳ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው፤ የቀላውም ፍም ያንኑ አየር ያወጣል። ስለዚህ ቤቱ የሚሞቀው ሰው ነቅቶ ሳለ፥ በርና መስኮት ገርበብ ብሎ መሆን አለበት፤ የመኝታ ሰዓት ሲደርስም ማንደጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። ለሌሊቱ ብርድ ባና፥ ጋቢና በርኖስ ይበቃል። በከሰል ቤት ውስጥ ራሱን ያመመው ወይም ያዞረው ሰው ቢገኝ ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፥ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ለማዳን የሚገባውም ሰው አስቀድሞ በሩን ይክፈት፤ አለዚያ እርሱም አብሮ ይወድቃል።

የሚያስቸግረው ልማዱ ነው። ባለቤቱ እሳቱን ከእንግዳው ፊት ማንሣት ንፍገት ይመስለዋል፤ እንግዳውም «ይውጣልኝ» ብሎ ለመናገር ያፍራል። በዚህ መተፋፈር መካከል በሩ ይዘጋል፤ ፍሙም ያድራል። እንግዳ በቤቱ የሞተበት ሰው ኀዘኑ ሳያንሰው የጎረቤት ሐሜት ቢጨመርበትም አያስደንቅም።

ስለዚህ የየወረዳው ሹማምንት በየገበያውና በየስብሰባው፥ የማደሪያ ቤት ባለቤቶችንም ጠርተው፥ ይህን ቢያስረዱ ትልቅ ሥራ ነው። ከሁሉም ይልቅ የካህናት ቃል በየቤቱ ይሰማል፤ የንስሐ አባት ለልጆቹ «እንግዳ ተቀበሉ» ብሎ ሲመክር፥ «ሲተኛም ከሰሉን አውጡለት» የሚለውን ቢጨምርበት ምክሩ ፍጹም ይሆናል። የጥር ብርድ በየዓመቱ ይመጣል፤ እንግዳውም ይመጣል። ለባለቤቱ እውነተኛ ክብሩ በማታ ያስገባውን ሰው በማለዳ በደኅና መሸኘቱ ነው።