መውጫ ያጣው ሉፕ

ታኅሣሥ 22 ቀን 2001 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 31 ቀን 2008) ማይክሮሶፍት ያመርተው የነበረው ዙን የተባለ የሙዚቃ ማጫወቻ፣ ባለ 30 ጊጋባይቱ ሞዴል፣ በየባለቤቱ እጅ ሥራውን አቆመ። መሣሪያው አልተሰበረም፤ ቫይረስም አልገባበትም። ጥፋቱ የነበረው ሰዓቱን በሚመራው ፕሮግራም ውስጥ፣ ጥቂት መስመሮች ባሉት አንድ ሉፕ ላይ ነበር።

ሉፕ ማለት አንድ ሁኔታ እስካለ ድረስ ኮምፒዩተሩ አንድን ሥራ እንዲደጋግም የሚሰጠው ትእዛዝ ነው። የዙን ሰዓት ከ1980 መጀመሪያ አንሥቶ ቀናትን ብቻ ይቆጥር ስለነበር፣ ዓመተ ምሕረቱን ለማወቅ ከቀናቱ ድምር የእያንዳንዱን ዓመት ርዝመት እየቀነሰ መሄድ ነበረበት። ትእዛዙ በአማርኛ ቢጻፍ ይህን ይመስላል፦

ቀን ከ365 እስከበለጠ ድረስ የሚከተለውን ድገም፦
— ዓመቱ ባለ 366 ቀን ከሆነ፦ ቀን ከ366 ከበለጠ፣ ከቀን 366 ቀንስ፤ በዓመት ላይ 1 ጨምር።
— ካልሆነ፦ ከቀን 365 ቀንስ፤ በዓመት ላይ 1 ጨምር።

ውድ አንባቢ፣ ንባብዎን ከመቀጠልዎ በፊት ስሕተቱን ለማግኘት ይሞክሩ።

2008 ባለ 366 ቀን ዓመት ነበር። በመጨረሻው ቀኑ፣ ያለፉት ዓመታት ሁሉ ከተቀነሱ በኋላ የሚቀረው ቁጥር 366 ነው። 366 ከ365 ስለሚበልጥ ኮምፒዩተሩ ወደ ሉፑ ይገባል፤ 366 ከ366 ስለማይበልጥ ግን ምንም አይቀንስም። ምንም ስላልተለወጠም ተመልሶ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ያንኑ መልስ ያገኛል። ዙን ለገበያ የቀረበው በ2006 በመሆኑ እንዲህ ያለ ቀን ሲገጥመው የመጀመሪያው ነበር። መፍትሔውም ባትሪው እስኪያልቅ ጠብቆ በማግሥቱ ማስነሣት ሆነ፤ ቁጥሩ 367 ሲሆን መውጫው ይገኛልና።

አለን ቱሪንግ በ1949 በካምብሪጅ ባቀረበው አጭር ጽሑፍ፣ አንድ ፕሮግራም እንደሚቆም ለማረጋገጥ በየርምጃው እያነሰ የሚሄድ መጠን ማሳየት እንደሚገባ አመልክቶ ነበር። ከእንስራ ውኃ በጣሳ የሚቀዳ ሰው፣ በየጊዜው ጣሳውን እስከሞላ ድረስ ውኃው ማለቁ አይቀርም። ጣሳው ባዶውን የሚመለስበት አንድ ዙር ካለ ግን ስለ ማለቁ ዋስትና የለም። በዙን ሉፕ ውስጥ እንዲህ ያለ ባዶ ዙር ነበረ። የሸሸገውም አጻጻፉ ነው፦ በመግቢያው የተጻፈው 365፣ በውስጥ የተጻፈው 366 ነበርና።

አሁን ያንኑ ሥራ በሌላ አጻጻፍ እንመልከት፦

የዓመቱን ርዝመት አስላ።
ቀን ከዓመቱ ርዝመት እስከበለጠ ድረስ የሚከተለውን ድገም፦
— ከቀን የዓመቱን ርዝመት ቀንስ፤
— በዓመት ላይ 1 ጨምር፤
— የአዲሱን ዓመት ርዝመት አስላ።

እዚህ 365ም ሆነ 366 በሉፑ ውስጥ አይታይም፤ «የዓመቱ ርዝመት» የሚል አንድ ስም ተክቷቸዋል። በመግቢያው የሚጠየቀውና በውስጥ የሚቀነሰው አንድ መጠን ነው። ያለምንም ቅነሳ የሚያልፍ ዙር አለመኖሩን አንባቢ በአንድ እይታ ያረጋግጣል። ቀኑ 366 ሲሆንም ሉፑ በትክክል ይቆማል።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ ግልጽ ሉፕ ለሦስት ጥያቄዎች ወዲያው መልስ ይሰጣል፦ ከየት ይጀምራል? በየዙሩ ምን ይለወጣል? መቼ ይቆማል? ተማሪዎቼ ፕሮግራማቸው «ይሠራል» ሲሉኝ እነዚህኑ ጥያቄዎች እጠይቃቸዋለሁ፤ የዙን ፕሮግራምም እስከዚያች ቀን ድረስ ይሠራ ነበርና።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር የዓመቱ 366ኛ ቀን በዘመነ ሉቃስ የምትመጣው ጳጉሜን 6 ናት። የቀን መቁጠሪያ፣ የደመወዝ ወይም የወለድ ስሌት ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሉፑን በዚያች ቀን ቁጥር ሳይፈትን ለሰው ባይሰጥ መልካም ነው። ከመፈተኑ በፊት ግን ሉፑን ለባልደረባው ጮክ ብሎ ያንብብለት፤ ሰሚው መውጫውን ማሳየት ካቃተው፣ ሉፑ እንደገና መጻፍ አለበት።