400 ሚሊዮን ዶላር ያስቀረ አንድ መልስ

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለግዛቶች ከሚሰጠው የድጋፍ ገንዘብ ብዙው በሕግ በተቀመጠ ቀመር ይከፋፈላል፤ ቀሪው ግን በውድድር የሚገኝ ነው። ቀነ ገደብ ምሕረት የሌለው በዚህኛው ላይ ነው።

የኦባማ አስተዳደር በ2009 እ.ኤ.አ. «ሬስ ቱ ዘ ቶፕ» የተባለውን የትምህርት ውድድር በ4.35 ቢሊዮን ዶላር ጀመረ። የመጀመሪያው ዙር ማመልከቻ ጃንዋሪ 19 ቀን 2010 ሲዘጋ 40 ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ሰነዳቸውን አስገብተው ነበር፤ ያሸነፉት ዴላዌርና ቴነሲ ብቻ ናቸው። ሁለተኛው ዙር ጁን 1 ተዘጋ።

በዚህ ዙር ኒው ጀርሲ 400 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀች። ማመልከቻው ከአባሪዎቹ ጋር ከሺህ ገጽ በላይ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ የ2008ን እና የ2009ን የትምህርት በጀት አነጻጽሩ ይላል፤ የተሰጠው መልስ ግን የ2010 እና የ2011 ሆነ። በዚህ ብቻ 4.8 ነጥብ ተቀነሰ። ኦሃዮ በ440.8 ነጥብ የመጨረሻዋ አሸናፊ ስትሆን ኒው ጀርሲ በ437.8 ውጭ ቀረች። በሦስት ነጥብ! የተጠየቀው አኃዝ ከግዛቲቱ መዝገብ የሚገኝ ነበር፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ግን መጨመር አይቻልም። ስህተቱ ያስነሳው ውዝግብ ከርሮ የግዛቲቱ ትምህርት ኮሚሽነር በዚያው ኦገስት ከሥራ ተሰናበቱ።

ሕጉ ትክክል ነው እላለሁ፤ ለአንዱ ማረሚያ ቢፈቀድ በሰዓቱ አጣርቶ ያስገባው ይበደላል። የሚያሳዝነው፣ ገንዘቡ የቀረባቸው ተማሪዎች በስህተቱ እጃቸው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ከማስረከቢያው በፊት ሰነዱን ባልጻፈው ሰው ዓይን ጥያቄ በጥያቄ ማስፈተሽ ግድ ነው።

ሰዓቱም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ማስታወቂያዎች ማብቂያውን በዋሽንግተን ሰዓት ለእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ያደርጉታል፤ ያኔ በሃዋይ ገና አመሻሽ ነው። ከዚያም በፊት አመልካቹ የፌዴራል መንግሥቱ መመዝገቢያ ድረ ገጽ በሆነው «ሳም ዶት ጎቭ» ላይ መመዝገብና በየዓመቱ ማደስ አለበት። ምዝገባው ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ በመጨረሻው ቀን ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ከተገኘ የሚያድን የለም።

ይህ ምዝገባ ከፌዴራል መሥሪያ ቤት በቀጥታ ድጋፍ የሚጠይቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበራትንም ይመለከታል። ማኅበር የምትመሩ ሁሉ፣ የውድድር ማስታወቂያ እስኪወጣ ሳትጠብቁ ምዝገባችሁን አሁኑኑ አድሱ።